«አሉ» እና «ነው»

ባለፈው እትም ስለ ጋዜጠኝነትና ስለ ሃይማኖት የሚከነክናችሁን ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። አንዳንዱ ደብዳቤ ጥያቄ ነው፤ አንዳንዱ ወቀሳ ነው፤ አንዱ ደግሞ ሦስት ገጽ ሙሉ ምርቃት ነው፣ አሜን ብያለሁ። ለአዲስ አንባቢ ልንገር፦ ባሕር ዳር ውስጥ በሬዲዮና በጋዜጣ 24 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ። ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው፤ የረመዳን ሳምቡሳቸው ከጾሜ ጋር ካልተጋጨ አይቀርብኝም። ይህን እያወቃችሁ አንብቡኝ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰው በጠበል ከስኳር እንደዳነ በቴሌቪዥን ሲናገር አየች። ከዚያ ወዲህ መርፌዋን እያቆራረጠች ነው። "እሱ ድኖ የለም እንዴ?" ትለኛለች። ፕሮግራሙን ያቀረበው ሰባኪ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ጋዜጠኛ ነው። ይኼ ጋዜጠኝነት ነው?» (ከሽምብጥ)

መጀመሪያ መርፌው። ዛሬውኑ ሐኪሟ ዘንድ ውሰጃት። ኢንሱሊን እያቆራረጡ «እስቲ ነገ እናያለን» አይባልም። ሁለተኛ፣ የንስሐ አባቷን ቤት ጥሪያቸው። አንቺ መቶ ጊዜ ከምትጨቀጭቂያት እሳቸው አንዴ ቢናገሯት ይሻላል። «ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማነስ ነው» የምትል ከሆነ ደግሞ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መምከራቸውን ንገሪያት።

ወደ ጋዜጠኛው ስመጣ እጄ ይከብደኛል። ምክንያቱም እኔም ሠርቼዋለሁ።

1998 ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ጠበል ሄድኩ። አንድ ቀጭን ወጣት ነጠላውን አጣፍቶ ቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። ቴፔን ሳልከፍት ራሱ ጀመረ። «ዳንኩ» አለኝ። «እህል ወረደልኝ። ተነስቼ ሄድኩ። ዳንኩ።» ፊቱ ያበራ ነበር። አልዋሸኝም፤ የተሰማውን ነው የነገረኝ። ሐኪም ቤት ሄደህ ተመርምረሃል ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። እንዲህ ያለ ደስታ ፊት ቆሞ ወረቀት መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ቢሮ ገብቼ «በጠበል ከኤች አይ ቪ የተፈወሰው ወጣት» የሚል ርእስ ሰጠሁት። ተወደደ። የቢሮው ስልክ እስኪግል ተደወለ። አለቃዬ ቡና ጋበዘኝ፤ ጋብዞኝ የማያውቅ ሰውዬ።

መስከረም ላይ እህቱ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ከቦርሳዋ ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የማሸጊያው ወረቀት እንኳ አልተቀደደም። «በሬዲዮ ድኗል ከተባለ በኋላ አልውጥም አለ» አለችኝ። «የእናንተን ቴፕ ለመጣው ሰው ሁሉ ያሰማ ነበር።» ጳጉሜን ላይ ቀብረውታል። አልጮኸችብኝም። ብልቃጡን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማስተካከያ እንሥራ ብዬ አለቃዬን ለመንኩ። «ሃይማኖት ነው፣ አትንኪው» አለኝ። ሃይማኖቱን መቼ ልንካ አልኩ? ጠበሉ አልዋሸ፣ ልጁ አልዋሸ። የሳትኩት እኔ ነኝ፤ የሳትኩትም አንዲት ግሥ ላይ ነው። እሱ «ዳንኩ» አለ። እኔ «ዳነ» አልኩ። «ዳንኩ አለ» ብል ኖሮ የእሱ ምስክርነት ሆኖ ይቀር ነበር። «ዳነ» ስል ግን የሬዲዮ ጣቢያው ቃል ሆነ። የጣቢያው ቃል ደግሞ የምርመራ ውጤት ይፈልጋል።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም። «አሉ» አለን። ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠው «እንትና ወለደች አሉ» ሲባል፣ ተናጋሪዋ «እኔ አላየሁም፣ ኃላፊነቱ የነገረችኝ ነው» ማለቷ ነው። የቡና ወሬ እንኳ ይህን ያህል ይጠነቀቃል። እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ አልተጠነቀቅኩም።

እናትሽ ያየችውን ፕሮግራም ያቀረበው ልጅ ምስክርነቱን ማሰማት ይችላል። የሰው እምነት ነው፤ ሊደመጥ ይገባዋል። ግን «የስኳር መጠንህን ተለክተሃል? መድኃኒትህን ማን አቁም አለህ?» ብሎ እዚያው፣ ካሜራው ፊት መጠየቅ ነበረበት። የአንድ ሐኪም የአንድ ደቂቃ ድምፅም ቢጨምር ጠበሉን አያረክሰውም። አንቺ ፕሮግራሙ የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት ጽፈሽ ለጣቢያው ደብዳቤ አስገቢ፤ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው እንዲፈርሙልሽ አድርጊ። አልሰማ ካሉ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አቤት ማለት ትችያለሽ። በስልክ አትጨቃጨቂ። የስልክ ቅሬታ ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ «ዲያቆን ነኝ፤ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያም ሪፖርተር ነኝ። በማገለግልበት ደብር በሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ ጠብ ተነስቷል። አለቃዬ "ውስጡን ስለምታውቅ አንተው ሥራው" አለኝ። የንስሐ አባቴ ደግሞ "የአባትህን ገመና አትግለጥ፣ የካምን ዕጣ አስብ" አሉኝ። በሁለት እሳት መካከል ነኝ።» (ከግሽ ዓባይ)

አለቃህ ተሳስቷል። አባታችንም፣ በትሕትና ልበልና፣ አላሳመኑኝም።

ከአለቃህ ልጀምር። ውስጡን ማወቅህ ለጥቆማ ይጠቅማል እንጂ ለመጻፍ አይሆንህም። አስተዳዳሪውን ብትነካ «ከእገሌ ጋር ወግኖ ነው» ይሉሃል። ባትነካ «እንጀራው ከእሳቸው ነውና» ይሉሃል። ለሁለቱም መልስ የለህም፤ ምክንያቱም በእርግጥም እዚያ ታገለግላለህ። «የማገለግልበት ደብር ስለሆነ ዘገባውን ሌላ ባልደረባ ይሥራው» ብለህ በጽሑፍ ስጠው። ለባልደረባህ ሰነዱ የት እንዳለ፣ ማንን ቢጠይቅ እንደሚሻል ጠቁመው። በቅዳሴ ማግሥት ደጀ ሰላም ተቀምጠህ የሰማኸውን ግን አትስጠው። እነዚያ ሰዎች የተናገሩት ለዲያቆን ነው፤ ለሪፖርተር አይደለም። ሪፖርተሩ እንደ ሪፖርተር ሄዶ፣ ስሙንና ጣቢያውን ተናግሮ ይጠይቃቸው።

አሁን የካም ነገር፤ የአባቱን የኖኅን ዕርቃን አይቶ ለወንድሞቹ ያወራው ልጅ። ኖኅ የጣለው የራሱን ልብስ ነው። ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ግን የኖኅ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ እንቁላል ሸጣ እሑድ አሥር ብር የጣለችው የእማሆይ ነው። ስለ እሱ መጠየቅ ከውጭ የመጣ ድፍረትም አይደለም። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ በ1965 ዓ.ም. የአስተዳደር ደንቧን ቃለ ዓዋዲን ያወጣችው፣ ደብሩን የሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤም ከካህናትም፣ ከምእመናንም፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም እንዲመረጥ ያደረገችው፣ ደብሩ በአንድ ሰው ኪስ እንዳይተዳደር ነው። ባልደረባህ «ቃለ ዓዋዲው ምን ይላል? የዘንድሮው ሒሳብ ተመርምሯል?» ብሎ ይጀምር። አስተዳዳሪው ከባለቤታቸው ጋር መጣላት አለመጣላታቸው፣ የማን ልጅ ምን እንደሚነዳ፣ ያ ገመና ነው። ይቅር። ገንዘቡ ግን የሕዝብ ነው።

ከሩቅ አገር አንድ ነገር ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቦስተን ግሎብ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ፣ ልጆችን የደፈሩ ካህናትን የካቶሊክ ሀገረ ስብከቱ አለቆች እያወቁ ከደብር ደብር ያዘዋውሯቸው እንደነበር አጋለጠ። የሀገረ ስብከቱ መሪ የነበሩት ካርዲናል በዚያው ዓመት ከሥልጣን ለቀቁ። ጋዜጣው በ2003 ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኘ። የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም። ጉዳዩን ያነሳው አዘጋጅ ማርቲ ባረን ከሌላ ከተማ ገና የመጣ፣ ካቶሊክም ያልሆነ ሰው ነበር። ወጥተው ወርደው የሠሩት ሪፖርተሮች ግን በካቶሊክ ቤት ያደጉ ናቸው። ውጭ ያለው ጠየቀ፤ ውስጥ ያደጉት ቋንቋውን ያውቁ ነበር። የተመኩት ደግሞ በሐሜት አይደለም። ጋዜጣው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ የታሸጉ ሰነዶች እንዲከፈቱ አስደርጓል። የእናንተ ደብር ጉዳይ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም፤ ምናልባት የጠፋ ደረሰኝ ብቻ ይሆናል። እሱም ቢሆን በሰነድ ይታይ። አስተዳዳሪው ንጹሕ ከሆኑ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ለእሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ «የካሜራ ባለሙያ ነኝ። ስለ ክብራን ገብርኤል ዘገባ ሲታቀድ "ሴት አይገባም" ተብዬ ከቡድኑ ወጣሁ። ተናድጃለሁ። ጋዜጠኛ የገዳም ሕግ ይገዛዋል እንዴ?» (ከፔዳ አካባቢ)

በሰው ቤት የሰው ሕግ ይገዛሻል፤ መስጊድ ስትገቢ ጫማሽን እንደምታወልቂው። የጣና ደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልም ዳጋ እስጢፋኖስም ሴት አያስገቡም። ተደብቆ መግባት፣ ወይም ሳይገቡ እንደገቡ አድርጎ መጻፍ፣ ሁለቱም ውሸት ነው። ከቡድኑ መውጣትሽ ግን የገዳሙ ሕግ አይደለም። የአለቃሽ ስንፍና ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ክብራን ተልኬ ነበር፤ ስለ ብራና መጻሕፍቱ ልሠራ። የላከኝ ሰው ሴት መሆኔን የረሳ ይመስለኛል። ጀልባዋ ከድንጋዩ ተጠግታ ቆመች፤ እኔ ውስጧ ቀረሁ። ለጀልባ ነጂው ቴፑን ሰጥቼ «ቀዩንና ከጎኑ ያለውን አንድ ላይ ተጫናቸው» ብዬ አስተማርኩት፤ አምስት ጥያቄም በወረቀት ጻፍኩለት። ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሲመለስ ብቻውን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ። «ጥያቄ የላክሽው አንቺ ነሽ? ማንበብ አቅቶት ነው» አሉኝ። ከውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጀልባ ላይ፣ እሳቸው መሬት ላይ፣ በመካከላችን ሦስት ክንድ ውኃ። ቴፑን በመቅዘፊያው ጫፍ ላይ በነጠላ አስረን ወደ እሳቸው ዘረጋነው። በቀረጻው ላይ ውኃው ጀልባዋን ሲመታት ይሰማል። አይጥ ብራናውን እንዳይበላው ምን እንደሚያደርጉ፣ የትኛው መጽሐፍ በየትኛው በዓል እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ነገሩኝ። ዘገባዬን «ሴት ስለማይገባ ከጀልባ ላይ ሆኜ» ብዬ ጀመርኩት። ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ስለዚህ ከቡድኑ አትውጪ። ጀልባዋ ላይ ሁኚና ደሴቲቱን ከውኃው ቅረጪ፤ ውስጡን ወንዱ ይቅረጽ። ማን የቱን እንዳየ ተመልካቹ ይወቅ። ደግሞ ለአለቃሽ አስታውሺው፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ናርጋ ሥላሴም ሴት ያስገባሉ። «ጣና የወንድ ሥራ ነው» የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም።

ጥያቄ፦ «በዜና "አንድ የእስልምና እምነት ተከታይ ግለሰብ በበግ ስርቆት ተጠርጥሮ ተያዘ" ሲባል ሰማሁ። ሌላው ሲሰርቅ ሃይማኖቱ ተነግሮ አያውቅም። እኛ ደግሞ የምንታየው በዒድ ብቻ ነው። ልክ ነኝ ወይስ ሆድ ብሶኝ ነው?» (ነጋዴ፣ ከባሕር ዳር)

ልክ ነዎት። ሆድ ቢብስዎትም ልክ ነዎት። የዜና አርታኢ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፤ ቃሉን ሰርዞ ዜናውን ደግሞ ያንብብ። ምንም ካልጎደለ ቃሉ መጀመሪያም ቦታ አልነበረውም። ሰውዬው ሰርቋል የተባለው በግ ነው፤ ሰርቆም ከሆነ ሰላት ላይ ሆኖ አልሰረቀም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ በሃይማኖት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻ ማነሳሳትን ይከለክላል። ያቺ ዜና እዚያ አትደርስም። ግን አንድ ቃል የወንጀል ክስ ስላላስከተለ ብቻ ጥሩ ቃል አይሆንም።

ስሙም ላይ ብዙ እንሳሳታለን። ሃይማኖቱ እስልምና ነው፤ ሰውዬው ሙስሊም ነው። «እስላም» ብሎ ሰውን መጥራት በቤታችን የለመድነው ነው፣ አውቃለሁ፤ እናቴም እንደዚያው ትል ነበር። ማይክራፎን ፊት ግን አይባልም። «ጴንጤ»ም እንደዚሁ። ሰዎቹ ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የዒዱን ነገር ሐጂው ጎረቤቴ ከእኔ የተሻለ ይናገሩታል። «እኛኮ ለእናንተ ካሜራ የምንጸልየው በዓመት ሁለት ቀን ነው» ይሉኛል። እውነት አላቸው። በዒድ ቀን የስታዲየም ሰላት ከሰማይ ይቀረጻል፤ ከዚያ እስከ አረፋ ዝም። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ስንጠይቅ ሙስሊሙን ገበሬ፣ ስለ ፈተና ስንጠይቅ ሙስሊሟን አስተማሪ ብናናግር ምን ነበረበት? በጥምቀትም ያው ነን። ታቦት ሲወጣ እንጎርፋለን፤ በማግሥቱ ቄሱ ኪራይ ጨመረብኝ ቢሉ የሚሰማቸው የለም።

ጥያቄ፦ «የሃይማኖት ተቋም ጣቢያ ጋዜጠኝነት ሊሠራ ይችላል?» (ፊርማ የለውም)

ይችላል። አባቴ ማታ ማታ ብሥራተ ወንጌልን ይሰማ ነበር፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ሬዲዮ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ስብከታቸው ሲጀምር ድምፁን ይቀንሳል፣ ዜናው ሲመጣ ይጨምራል። ዜናቸውን ያምነዋል ማለት ነው። ደግሞም ከፕሮግራማቸው የሚበዛው ስብከት ሳይሆን ትምህርትና መረጃ ነበር። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰው። ዛሬ የሚያስቸግረኝ ጣቢያው የሃይማኖት መሆኑ አይደለም። ስብከቱ የት አልቆ ዜናው የት እንደጀመረ አለመታወቁ ነው። አባቴ ቢኖር በየትኛው ሰዓት ድምፁን እንደሚቀንስ ግራ ይገባው ነበር።

ጥያቄ፦ «ለዘገባ ሄጄ ከገዳም አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ሰጡኝ። ጉቦ ነው?» (ሪፖርተር)

ፈልቶ ከቀረበልህ ጠጣ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። በፌስታል ከሆነ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አይፈቀድልንም» በል። አባ ከተቆጡ ተቀበልና ቢሮ ወስደህ ለሁሉም አስፈላው፤ ከየት እንደመጣም ለአለቃህ ንገረው። በፖስታ የሚሰጥ «ውሎ አበል» ከሆነ ግን ጠጥተህ የምትጨርሰው ነገር አይደለም። መልስ።

እርማት፦ ባለፈው እትም ናርጋ ሥላሴን «ዘጌ ላይ ያለው» ብዬ ጽፌያለሁ። ስሕተት ነው። ናርጋ ሥላሴ ያለው ደቅ ደሴት ጋ ነው። የነገረኝ አንድ ጀልባ ነጂ ነው፤ ስልኬን ከየት እንዳገኘው እንጃ። «እትዬ፣ ቤንዚኑን እርስዎ የሚከፍሉ ቢሆን ኖሮ ዘጌና ደቅ አይምታቱብዎትም ነበር» አለኝ።